የአባይ ቁልቁለት የማን ነው? ነጭ ውኃና ተርባይን የሚሻሙት ሀብት

አባይ ከጣና ሐይቅ ሲወጣ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ጎጃምን በቀኙ አቅፎ፣ ቤጌምድርን፣ ወሎን፣ ሸዋንና ወለጋን በግራው እየተወ ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይጓዝና የሱዳንን ድንበር ሲሻገር ከፍታው ከ500 ሜትር በታች ይሆናል። በመካከሉ ወደ 1,300 ሜትር የሚደርስ ቁልቁለት አለ ማለት ነው። በትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ ይህን ቁጥር አንብበን እናልፈዋለን። ለመሐንዲስ ግን የወንዙ ሀብት ተመዝግቦ የሚገኘው በዚሁ ቁጥር ውስጥ ነው፤ በአየር በተነፋ ጀልባ በሸለቆው ውስጥ ለሚቀዝፍ ሰውም እንዲሁ። ሁለቱም የሚፈልጉት ውኃውን ብቻ አይደለም። የሚፈልጉት የውኃውን መውደቅ ነው፤ አንድ ሜትር ቁልቁለት ደግሞ ሁለት ጊዜ አይወደቅም።

በዓለም ላይ «ራፍቲንግ» በሚል ስም የሚታወቀው በነጭ ውኃ ላይ የሚደረግ የጀልባ ጉዞ ለብዙዎቻችን የቱሪስቶች ጨዋታ ሆኖ ይታየናል። በኢትዮጵያ ወንዞች ላይ ግን ታሪኩ ከዚያ የከበደ ነው። ሳይንሱን ካየን በኋላ ወደ ታሪኩ እንመለሳለን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ሜትር ሲወርድ ወደ 9,800 ጁል ኃይል ይለቃል። ኃይል አይጠፋም፤ ስለዚህ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ወንዙ ሜዳ ላይ ዝግ ብሎ ሲጓዝ ይህን ኃይል ከአልጋውና ከዳርቻው ጋር በመታሸት ጥቂት በጥቂት ያባክነዋል። ቁልቁለቱ ሲበረታ ግን ፍትጊያው ብቻውን አይበቃም፤ ውኃው እየፈጠነ ሄዶ በአንድ ቦታ ላይ ተሰባብሮ፣ ተገለባብጦ፣ አረፋ ደፍቆ ያራግፈዋል። ነጭ ውኃ የምንለው ይህንን ነው። ከኃይሉ አብዛኛው በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሙቀቱ ግን እጅግ ትንሽ ነው። ከጣና እስከ ድንበሩ ያለው ቁልቁለት በሙሉ በውኃው ውስጥ ተጠራቅሞ ቢቀር እንኳ ውኃውን የሚያሞቀው በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ብቻ ነው። የአባይ በረሃ የሚፋጀው በዚህ ምክንያት እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ቀሪው ኃይል ድንጋይ ያንከባልላል፣ አፈር ይሸከማል፣ ሸለቆውን ይቆፍራል። ሸለቆው አንዳንድ ቦታ ላይ እስከ 1,500 ሜትር ጥልቀት ያለው የዚህ ሥራ ውጤት ነው፤ ከላይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ዐለት፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋዩና የአሸዋ ድንጋዩ፣ ከሁሉም በታች ጥንታዊው መሠረት ተራ በተራ ተገልጠው ይታያሉ።

ነጭ ውኃ በዘፈቀደ አይፈጠርም። ቁልቁለት፣ የውኃ ብዛት፣ የመተላለፊያው መጥበብና የአልጋው ሻካራነት ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። በአባይ ላይ ለዚህ ትልቅ ሚና ያላቸው ገባር ወንዞቹ ናቸው። በሽሎ፣ ወለቃ፣ ጀማና ሙገር በክረምት ከደጋው ሲወርዱ ቤት የሚያካክል ድንጋይ ሳይቀር ያመጣሉ። ዋናው ወንዝ አፈሩንና ጠጠሩን ጠርጎ ይወስዳል፤ ትልልቁ ድንጋይ ግን ከመገናኛው ላይ ይቀራል። ያ ክምር ወንዙን ከላይ እንደ ግድብ ያረጋዋል፣ ከታች ደግሞ ያንደረድረዋል። ልምድ ያላቸው ቀዛፊዎች በካርታ ላይ የገባር መገናኛ ሲያዩ ወደ ዳር ወጥተው በእግራቸው ሄደው ቀድመው የሚመለከቱት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው የሳይንሱ ክፍል እንግባ። ዝግ ብሎ በሚሄድ ወንዝ ላይ ጠጠር ብትጥሉ ሞገዱ በሁሉም አቅጣጫ ይሰራጫል፤ ወደ ላይም፣ ወደ ታችም። ሞገዱ የሚሄድበት ፍጥነት በውኃው ጥልቀት ይወሰናል፤ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ በሰከንድ 3.1 ሜትር፣ ሁለት ሜትር ጥልቀት ባለው 4.4 ሜትር ገደማ ነው። ወንዙ ራሱ ከዚህ ፍጥነት በላይ ከሮጠ ሞገዱ ወደ ላይ መውጣት ያቅተዋል። በሌላ አነጋገር ከታች ያለው መሰናክል ለላይኛው ውኃ «ቀስ በል» የሚል መልእክት መላክ አይችልም። ውኃው ሳይጠነቀቅ መጥቶ ዝግ ካለው ጥልቅ ውኃ ጋር ይላተማል፣ በድንገትም ወደ ላይ ይዘልላል። መሐንዲሶች ይህን የውኃ ዝላይ ከግድብ ሥር ሆን ብለው ይሠሩታል፤ ኃይሉ መሠረቱን ሳይቦረቡር እንዲራገፍ ነው። ተፈጥሮ ደግሞ ከተሰወረ ድንጋይ ጀርባ ትሠራዋለች።

ለጀልባ አደገኛው የዝላዩ ገጽታ ላይኛው ክፍል ነው። ከሥር ያለው ውኃ ወደ ታች ሲሮጥ ከላይ ያለው አረፋማ ውኃ ወደ ኋላ፣ ወደ ድንጋዩ ይመለሳል። በዚህ መሐል የገባ ተንሳፋፊ ነገር ሁሉ ወደ ላይ ይሳባል፣ ይሰምጣል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይሳባል። አባይ ማደሪያ አጥቶ ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለው ተረት ስለ ስደት የተነገረ መሆኑን ባውቅም፣ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ግንድ ለሰዓታት ሲሽከረከር ያየ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው ይመስለኛል። ለአደጋው ሌላም ምክንያት አለ። ውኃው ነጭ የሚሆነው ከአየር ጋር ስለተቀላቀለና አረፋዎቹ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትኑት ነው፤ አየር የበዛበት ውኃ ደግሞ እፍግታው ያንሳል፣ ማለትም ሰውን የመሸከም አቅሙ ይደክማል። በረጋ ውኃ ላይ በሚገባ የሚያንሳፍፍ የነፍስ አድን ሰደሪያ በአረፋ መሐል ያንኑ ያህል አያነሳም። የወራጁ ግፊትም ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 3 ሜትር የሚሮጥ ውኃ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ገጽን ወደ 450 ኪሎ ግራም በሚመዝን ሸክም ያህል ይገፋል። ፍጥነቱ 6 ሜትር ሲሆን ሸክሙ 1,800 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ከድንጋይ ጋር የተለጠፈ ጀልባን በሰው ጉልበት ማላቀቅ የማይቻለው ስለዚህ ነው።

ነጭ ውኃ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከአንድ እስከ ስድስት ይመደባል፤ አንድ ልጆች የሚቀዝፉበት፣ ስድስት በአመዛኙ የማይሞከር። ነገር ግን ደረጃው ለወንዙ ለዘለዓለም የተሰጠ ማዕረግ አይደለም፤ ከውኃው መጠን ጋር ይለዋወጣል። በአባይ ላይ ይህ ልዩነት እጅግ የሰፋ ነው። ትልልቆቹ ግድቦች ከመሠራታቸው በፊት በድንበሩ አካባቢ በነሐሴ ወር በአማካይ በሰከንድ ከ5,000 ሜትር ኩብ በላይ ይፈስስ የነበረው ወንዝ በሚያዝያ ከ200 በታች ይወርድ ነበር። በነሐሴ ድንጋዩ ሁሉ ተውጦ ወንዙ አንድ ግዙፍ ማዕበል ይሆናል። በሚያዝያ ደግሞ ያው ቦታ ጀልባ የማያሳልፍ የድንጋይ ክምር ነው።

ሸለቆው ለዘመናት የሚሻገሩት እንጂ የሚጓዙበት አልነበረም። በጣና ላይ የደንገል ታንኳ አለ፤ ከጢስ ዓባይ በታች ግን በአቁማዳ ተንሳፍፎ ወደ ማዶ መድረስ ነበር ትልቁ ጀብዱ። ቁልቁል ለመጓዝ የሞከሩት የውጭ ሰዎች ናቸው፤ ውጤቱም የሚያኮራ አልነበረም። አሜሪካዊው ማክሚላን በ1903 በብረት ጀልባዎች ተነሥቶ ገና ከመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሳይዘልቅ ጀልባዎቹ ተሰባበሩ። በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ቺዝማን በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሸለቆውን በካርታ ያሰፈረው በጀልባ ሳይሆን በበቅሎና በእግር ከዳር ሆኖ ነው። በ1962 በታንኳ የወረደ የስዊሶችና የፈረንሳዮች ቡድን በሽፍቶች ተጠቅቶ ሁለት ሰዎች ሞቱበት። ስዊድናዊው አርነ ሩቢን በ1965 ብቻውን በካያክ ከሸፈርታክ ድልድይ ተነሥቶ ሱዳን ገባ።

ለውጡ የመጣው በ1968 ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ፣ በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የተመራ፣ የብሪታንያና የኢትዮጵያ ወታደሮችን እንዲሁም ሳይንቲስቶችን ያቀፈ ትልቅ ቡድን ሸለቆውን በክፍል በክፍል ወረደ። አንድ አባላቸው በውኃ ተወስዶ ሞቶባቸዋል። በላይኛው፣ እጅግ በሚከፋው ክፍል የተጠቀሙት በአየር የሚነፉ ትንንሽ ጀልባዎችን ነበር፤ ይህ ጉዞ በዛሬው የራፍቲንግ ታሪክ ውስጥ እንደ መነሻ የሚቆጠረው ለዚህ ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ቀመር አያስፈልግም። ብረት ከድንጋይ ሲጋጭ ግጭቱን በሙሉ ራሱ ይቀበላል፤ ይጎደፍራል ወይም ይቀደዳል። በአየር የተነፋ ጀልባ ግን ተጨማድዶ ጊዜ ይገዛል፣ ግጭቱ በረዘመ ጊዜ ውስጥ ስለሚከፋፈል ኃይሉ ይቀንሳል። በብዙ ክፍል የተነፋ ስለሆነ አንዱ ቢቀደድ ሌላው ያንሳፍፈዋል፤ ውኃ ውስጥ የሚሰምጠው ክፍሉ ጥቂት በመሆኑም በድንጋይ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል። ማክሚላን ከወንዙ ሊጠነክር ሞከረ፤ ከ65 ዓመት በኋላ የመጡት ግን መልፈስፈስን መረጡ።

ከዚያ ወዲያ በሩ ተከፈተ። በ1972 በማይክ ጆንስ የተመራ የብሪታንያ የካያክ ቡድን በአባይ ወረደ። በ1973 ሪቻርድ ባንግስና አሜሪካውያን ባልደረቦቹ ኦሞን ቀዘፉ፤ ከዚያ ጉዞ የተወለደው ድርጅታቸው ኋላ በዓለም ከሚታወቁት የጀብዱ ጉዞ አዘጋጆች አንዱ ሆነ። በ2003 መጨረሻ ከኢትዮጵያ የተነሡት ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ደግሞ ሸለቆውን ጨርሰው፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጠው በኤፕሪል 2004 ሜዲትራኒያን ደረሱ። ከጉዟቸው በአይማክስ የታየ ፊልም ተሠርቷል።

እዚህ ላይ ወደ ተነሣንበት ሒሳብ እንመለስ፤ ለዚህ ደግሞ የምኖርበት ከተማ ወንዝ ጥሩ መማሪያ ነው። ይህን የምጽፈው ከፍራንክፈርት፣ ከቦከንሃይም ሠፈር ነው። ከዚህ በብስክሌት ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የማይን ወንዝ የግሪስሃይም ግድብ ጋር ይደረሳል። ማይን ከባምበርግ አካባቢ እስከ ራይን ድረስ ወደ 150 ሜትር ገደማ የሚሆን ቁልቁለት አለው፤ ይህ ቁልቁለት በሙሉ በ34 እርከኖች ላይ ተሰብስቧል። በየእርከኑ መካከል ወንዙ ሐይቅ ነው ማለት ይቻላል፤ መርከቦች ይመላለሱበታል፣ ዳክዬዎች ይተኙበታል። መውደቁ ሁሉ የሚፈጸመው በግድቡ ላይ፣ በአራት በአምስት ሜትር ከፍታ፣ በአብዛኛው በተርባይን በኩል ነው። ማይን አሁን ነጭ ውኃ የለውም፤ ያለው ነጭ ውኃ ከግድብ ሥር የሚገኘው ዝላይ ብቻ ነው። በጀርመን በታንኳ የምትዝናኑ ወገኖች ልብ በሉ፤ ከአነስተኛ ግድብ ሥር ያለው ዝላይ ከዳር እስከ ዳር ወጥ ስለሆነ መውጫ ቀዳዳ የለውም፣ ስለዚህም ከብዙ የተፈጥሮ ነጭ ውኃ ይልቅ ገዳይ ነው።

ጀርመኖች የጨረሱትን ነጭ ውኃ በሰው እጅ ሠርተውታል። በ1972ቱ የሙኒክ ኦሎምፒክ የታንኳ ስላሎም ውድድር የተካሄደበት የአውግስቡርግ ቦይ በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ የነጭ ውኃ መወዳደሪያ ሲሆን፣ ከ2019 ጀምሮ ከከተማዋ የውኃ ሥርዓት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። (ምሥራቅ ጀርመኖች ቦዩን አስመስለው በዝቪካው ሌላ ሠርተው ተለማመዱና አራቱንም ወርቅ ወሰዱ።) ለኦሎምፒክ የበቃው የዚህ ቦይ መውደቂያ ከፍታ ወደ 4 ሜትር፣ ውኃው በሰከንድ 10 ሜትር ኩብ ገደማ ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ ቢተመን ግማሽ ሜጋዋት አይሞላም።

ከቦከንሃይም ጫፍ የሚገኘው የዘንከንበርግ ሙዚየምም ከዚህ ታሪክ ጋር አንድ ክር አለው። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምፅዋ ገብቶ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ስሜንና ጎንደር ወጥቷል፤ ዋልያንና ጭላዳን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው እርሱ ነው። ለሩፔል ተከዜ የሚሻገሩት እንቅፋት ነበር። በ1996 ባንግስና ስካቱሮ የተከዜን ሸለቆ በጀልባ ወረዱት። በ2009 ደግሞ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ተጠናቆ ከዚያ ሸለቆ ከፊሉ በሐይቅ ተሸፈነ። በጉዞውና በሐይቁ መካከል የነበረው ጊዜ 13 ዓመት ብቻ ነው። ኦሞም ላይ 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግልገል ጊቤ ሦስት በ2016 ተመርቋል። በእነዚህ ወንዞች ላይ የተጻፉት የጉዞ መጻሕፍት ዛሬ የጀብዱ ትረካ ብቻ አይደሉም፤ በከፊል በውኃ ሥር ያለ አገር መዝገቦች ሆነዋል።

አባይስ? ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ላይ ሒሳቡ ቀድሞ ተሠርቷል። በ1964 የተከፈተው አነስተኛ የኃይል ማመንጫ ከፏፏቴው የሚወስደው ጥቂት ነበር፤ በ2001 የተጨመረው 73 ሜጋዋት ግን የፏፏቴውን ጢስ አሳሳው። ኋላ በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋዋቱ የጣና በለስ ማመንጫ ውኃውን በዋሻ ወደ በለስ ሸለቆ ወሰደው። መሐንዲሶቹ ለምን እንዳደረጉት ግልጽ ነው፤ ያው አንድ ሜትር ኩብ ውኃ በጢስ ዓባይ 45 ሜትር ያህል ሲወድቅ በበለስ በኩል ከ300 ሜትር በላይ ይወድቃል። በቀመሩ ላይ ስህተት አላይም። ቀመሩ ውስጥ ያልገባው የፏፏቴው ዋጋ ነው።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በዚሁ ሚዛን ይታያል። ወንዙ በዓመት አማካይ በሰከንድ 1,550 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ከጣና የሚወጣው ከ10 በመቶ በታች ሲሆን ቀሪውን የሚያመጡት ገባሮቹ ናቸው። ይህን በ130 ሜትር መውደቂያ ብናባዛው 2,000 ሜጋዋት የሚጠጋ አማካይ ኃይል ይሰጠናል፤ በዓመት ሰዓቶች አባዝተን 10 በመቶ ለብክነት ብንቀንስ ለግድቡ ከታቀደው ከ15,000 ጊጋዋት ሰዓት በላይ ዓመታዊ ምርት ጋር እንገጥማለን። በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው ይህ ግድብ ለሚሊዮኖች ብርሃን ነው፤ ከበስተኋላው ያለው የንጋት ሐይቅም ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሸለቆው ዘልቆ የታችኛውን አባይ ነጭ ውኃዎች ሸፍኗል። ግን ቁጥሩን ሰከን ብለን እንየው። ሐይቁ የወሰደው ከ1,300 ሜትሩ ውስጥ 140 ሜትር ገደማ፣ ከዐሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ነው። ከጢስ ዓባይ እስከ ሸፈርታክ ያለው ክፍል ብቻ ከዚህ እጅግ የበለጠ ቁልቁለት ይዞ እስከ ዛሬ በዋናው ወንዝ ላይ ትልቅ ግድብ አልተሠራበትም።

ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የመሬት ልማት ቢሮ በ1964 ባጠናቀቀው ጥናት በዋናው አባይ ላይ አራት የግድብ ቦታዎችን ለይቷል፤ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና የድንበሩ ግድብ። አራተኛው፣ ተሻሽሎና ገዝፎ፣ ሕዳሴ ሆኗል። ከሸፈርታክ በታች የታሰበው ካራዶቢ ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ነው፤ ቢሠራ ሐይቁ ከድልድዩ በላይ ይዘልቃል። እርከኖቹ ሁሉ ከተሠሩ አባይ ከደጀንና ከጎሃ ጽዮን በታች በስፋቱ እንጂ በአሠራሩ ከማይን አይለይም።

ኡጋንዳ ይህንን መንገድ ቀድማናለች። በጂንጃ ከተማ አጠገብ በነጭ ዓባይ ላይ ይካሄድ የነበረው ራፍቲንግ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆኖ ነበር። በ2012 የቡጃጋሊ ግድብ ፏፏቴውን ዋጠ። ለግድቡ ድጋፍ ሲባል ከዓለም ባንክ ጋር በ2007 በተደረገ ስምምነት ከታች ያለው የካላጋላ ፏፏቴ አካባቢ እንዲጠበቅ ኡጋንዳ ቃል ገባች። ሆኖም በ2019 የተመረቀው የኢሲምባ ግድብ ሐይቅ ከወንዙ ነጭ ውኃዎች ሌሎችን ሸፈነ። ስምምነቱ አስጎብኚዎችን ሙሉ በሙሉ አላዳነም፤ ነገር ግን አንድ ነገር አሳይቷል። ግድብ ከመሠራቱ በፊት «ይህ ክፍል ሳይነካ ይቆይ» ብሎ በስም፣ በካርታና በሜትር መጻፍ ይቻላል።

እኔ ግድብ አይሠራ ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ማታ ማታ በጭስ ዓይኗ የሚለበለብ እናት ባለችበት አገር ይህን ለማለት አንደበት ይከብዳል። የማስበው የሒሳቡ ሁለቱም ዓምዶች እንዲሞሉ ነው። በላይኛው አባይ የትኛው ነጭ ውኃ የት እንዳለ፣ ምን ያህል ሜትር እንደሚወርድ፣ በየትኛው የውኃ መጠን ለጀልባ እንደሚሆን በዝርዝር ሊለካ ይገባል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ከ1968ቱ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው፤ በሳተላይት አቀማመጥን የሚለይ መቀበያ፣ የጥልቀት መለኪያ፣ ድሮን፣ በአየር የሚነፉ ጥቂት ጀልባዎች፣ እንዲሁም የሠለጠኑ ቀዛፊዎች። ሙያውም በባሕር ዳር ጓሮ ያለ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዋ የውኃ ምህንድስናን ታስተምራለች፣ ከተማዋም ወንዙ ከሚነሣበት ዳር ተቀምጣለች።

በክልሉ ያለው ግጭት ባለበት ሁኔታ ዛሬ ወደ ሸለቆው የሚወርድ የጥናት ቡድን ማሰብ አይቻልም። ሰላም ሲወርድ ግን ለሥራው የሚመቸው ወቅት የታወቀ ነው፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር፣ ክረምቱ አብቅቶ ወንዙ መጉደል ሲጀምር፣ ድንጋዩ ግን ገና ፈጥጦ ሳይወጣ።